ጥርኝ ውሃና የማስረጃ ወረቀት፦ የችግረኛው ጥፋትና የሰጪው እጅ በሥነ ቃላችንና በጽሑፋችን

መግቢያ

ለምጽዋት የተዘረጋ እጅ ሲያጋጥመን ሳንቲሙ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት በልባችን የሚያልፍ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህ ሰው እዚህ እንዴት ደረሰ?» የሚል ነው። መልሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለማኙ ሳይሆን ተለማኙ ራሱ ነው። አማርኛም ለዚህ መልስ ሁለት ዓይነት አነጋገር አዘጋጅቶ ያቆየናል። «የእጁን አገኘ»፣ «በገዛ እጁ»፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት በአንድ ወገን ይቆማሉ፤ «የአርባ ቀን ዕድሉ ሆኖ»፣ «ክፉ ቀን ጥሎት»፣ «ነግ በኔ» የሚሉት ደግሞ በሌላ ወገን። ተለማኙ ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ካነሳ እጁ ወደ ኪሱ አይገባም፤ ከሁለተኛዎቹ አንዱን ካነሳ ግን ይገባል። እንግዲህ በሰጪና በተቀባይ መካከል ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚያልፈው ቃል ነው ማለት ነው። ነገሩ የሥነ ጽሑፍ ተማሪን የሚመለከተውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ መጣጥፍ ዓላማ የችግረኛው ጥፋት ወይም ንጽሕና በልመና ሥነ ቃላችን፣ በተአምር ድርሳናችንና በዘመናዊው ልቦለዳችን እንዴት እንደተያዘ መመርመር ነው። ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የውጭው ዓለም ካሜራ ይህንኑ ጉዳይ እንዴት እንደያዘው በማነጻጸር እንመለከታለን። የመጣጥፉ ጸሐፊ የሚኖረው ከመቀሌ ከተማ ወጣ ባለው በዓይናለም ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት ብዙ ሕዝብ ከቀዬው አፈናቅሎ ወደ መቀሌ ካመጣ ወዲህ «እንዴት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ አካባቢ የየዕለት ጥያቄ ሆኗል። የጽሑፎቹን ንባብ አንገብጋቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የመጣጥፉ መከራከሪያ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጥንታዊው የልመና ቃላችን የለማኙን ታሪክ ሳይጠይቅ ያሰጣል፤ ነገር ግን ለማኙን አያውቀውም። ዘመናዊው አጻጻፍና ዘመናዊው ርዳታ ችግረኛውን ለማወቅ ይጥራሉ፤ ሆኖም ዕውቀቱን የንጽሕና መመዘኛ ያደርጉታል። ሰውን ከነጥፋቱ ማሳወቅና ጥፋቱን ግን የእንጀራው ቅድመ ሁኔታ አለማድረግ ሥነ ጽሑፋችን ገና በጥቂቱ የሞከረው ሥራ ነው።

1. «ስለ ማርያም»፦ ምክንያት የማያቀርብ ልመና

በአብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ የሚሰማው የልመና ቃል ለሁላችን የታወቀ ስለሆነ እንደ ሥነ ቃል አንመረምረውም። «ስለ ማርያም»፣ «ስለ ገብርኤል»፣ «ስለ ሚካኤል» ሲባል ሰዋስዋዊ አሠራሩን ልብ ማለት ይገባል። አነጋገሩ «እኔ» የሚል ባለቤት የለውም። «ታምሜ»፣ «ወላጆቼ ሞተውብኝ»፣ «ሥራ አጥቼ» የሚል ምክንያትም አያቀርብም። «ስለ» የሚለው መስተዋድድ የሚያያዘው ከለማኙ ሁኔታ ጋር ሳይሆን በሰማይ ካለ ሦስተኛ ወገን ጋር ነው። ተለማኙ እንዲመልስ የሚጠየቀው «ይህ ሰው ይገባዋልን?» ለሚለው ሳይሆን «ማርያምን ትወዳታለህን?» ለሚለው ነው። ምርመራው ከለማኙ ተነስቶ ወደ ተለማኙ ይዞራል።

የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» የዚሁ አሠራር የግዕዝ መልክ ነው። ተማሪው ጉልበት ያለው ወጣት ነው። እንደ ሥራ ፈት ቢቆጠር «አርሰህ ብላ» ሊባል ይችል ነበር። ይሁን እንጂ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቦ በደጅ ሲቆም ድህነቱ የትምህርት ሥርዓት አካል መሆኑ ስለሚታወቅ ማንም አይወቅሰውም። የተማሪው ልመና ለውርደትና ለትሕትና ትምህርት የታሰበ እንደሆነም ይነገራል። በመሆኑም የጥፋት ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የላሊበላዎች (ሐሚናዎች) ጉዳይ ነው። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ በዜማ የባለቤቱን ስም እየጠሩ የሚያወድሱትና የሚመርቁት እነዚህ ሰዎች ልመናውን ቢተዉ ደዌ ያገኘናል ብለው ያምኑ እንደነበር የታወቀ ነው። ከእነርሱ መካከል ርስትና ከብት ያላቸው እንደነበሩም ሰጪዎቹ ያውቁ ነበር። ሆኖም ይሰጡ ነበር። ስጦታው የሚለካው በተቀባዩ ችግር ስላልሆነ ሀብቱ ቢታወቅም ውሉ አይፈርስም። ላሊበላው ግጥምና ምርቃት ይሰጣል፤ ባለቤቱ እህል ወይም ገንዘብ ይሰጣል። የሚሰስተው ቤት ደግሞ በዚያው ዜማ ይነቀፋል። እዚህ ላይ ለወቀሳ የተጋለጠው ሰጪው ነው።

እምቢታችንም ቢሆን በዚሁ ሥርዓት ውስጥ የተቀረጸ ነው። የሌለው ወይም መስጠት ያልፈለገ ሰው «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ያልፋል። ይህ አነጋገር እምቢታ መሆኑን ለማኙም ያውቃል፤ ነገር ግን ፍርድ የለበትም። «ሠርተህ ብላ» ከሚለው እምቢታ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይጎላል። የመጀመሪያው ጉዳዩን ወደ ፈጣሪ ያስተላልፋል፤ ሁለተኛው በለማኙ ላይ ይወስናል። በከተሞቻችን ሁለተኛው እየበዛ መሄዱ የኑሮ መክበድ ብቻ አይመስልም፤ ከአነጋገሩ ጋር የተለማኙ ቦታም ተለውጧል። ትናንት ራሱ የሚመረመር የነበረው ተለማኝ ዛሬ መርማሪ ሆኗል።

2. የበላዔ ሰብእ ሚዛን

ይህንን የጥንት ሥርዓት እስከ ጫፉ የወሰደው ተረክ በተአምረ ማርያም የሚገኘው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ታሪኩ ለአንባቢ አዲስ ስላልሆነ በአጭሩ እንጠቅሰዋለን። ሰው በላ የሆነው የቅምር ሰው ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ነፍስ ያጠፋል። በመንገድ ላይ በውሃ ጥም የተቃጠለ ለምጻም ያገኛል። ለምጻሙ ቢለምነው አይራራም፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። ያውም ጉሮሮ ከማርጠብ ያላለፈ ነው። በመጨረሻ ነፍሱ ስትመዘን 78ቱ ነፍሳት በአንድ በኩል፣ ጥርኝ ውሃው በሌላ በኩል ይቀመጣሉ፤ የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበትም ውሃው ይመዝናል።

ታሪኩ ለዘመናት ሲያከራክር የኖረው «እንዲህ ያለ ኃጢአተኛ እንዴት ይድናል?» በሚል ነው። ከያዝነው ጉዳይ አንጻር ግን ሌላ ነገር ይታየናል። በጥንቱ ዓለም ለምጽ የኃጢአት ቅጣት እየተባለ የሚተረጎም ደዌ ነበር። ስለዚህ በማንኛውም ተራ ተረክ መመርመር የነበረበት ለምጻሙ ነው፤ «ምን በድሎ ነው?» መባል ነበረበት። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው የኃጢአቱን ባለቤት መጠየቃቸው፣ የኢዮብ ወዳጆችም በአመድ ላይ የተቀመጠውን ሰው በደሉን እንዲናዘዝ መወትወታቸው የዚሁ ልማድ ምስክር ነው። የበላዔ ሰብእ ተራኪ ግን የበደልን ሸክም ሁሉ ጠቅልሎ በሰጪው ላይ ጫነው። 78 ነፍስ የበላ ሰው በማን ላይ ፈራጅ ይሆናል? ሰጪው በደለኛ ከሆነ የተቀባዩን ጥፋት የሚጠይቅ አፍ አይኖረውም። ተራኪው ይህን ያደረገው በስብከት አይደለም፤ በገፀ ባሕርይ አመራረጡ ነው።

ይህ ማለት ግን ባህላችን አንድ ድምፅ ብቻ ነበረው ማለት አይደለም። ከዲድስቅልያ ጋር በቅርብ የተያያዘውና በ4ኛው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጠናቀረው የሐዋርያት ሥርዓት የተባለው መጽሐፍ በሆዳምነት፣ በስካር ወይም በስንፍና የተቸገረ ሰው ርዳታ እንደማይገባው ይደነግጋል። በዚያው መቶ ዓመት ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ስለ ድሃው አልዓዛር ባሰሙት ስብከት መጽዋች እንደ ወደብ መሆን አለበት፤ ወደብ መርከቡ የተሰበረበትን ሰው ክፉ ይሁን ደግ ሳይጠይቅ ይቀበላል ብለው አስተምረዋል። እንግዲህ የሚገባውን ከማይገባው የመለየትና ያለመለየት ክርክር ከውጭ የመጣ ዘመናዊ ነገር አይደለም። በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ድምፆች ናቸው። የልመናው ቃልና የተአምሩ ተረክ የወሰዱት ግን የአፈወርቅን ወገን ነው።

ሆኖም የሂስ ሥራ ማድነቅ ብቻ ስላልሆነ የተረኩን ጉድለትም ማየት ያስፈልጋል። ለምጻሙ ስም የለውም። ከየት እንደመጣ፣ ውሃውን ቀምሶ ወዴት እንደሄደ አይነገረንም። ጥሙ እንኳ በቅጡ አልቆረጠለትም። ተረኩ የሰጪውን ነፍስ እስከ ሚዛኑ ድረስ ሲከተል ተቀባዩን መንገድ ዳር ጥሎት ይሄዳል። ችግረኛው ለሰጪው መዳኛ የሚሆን መሣሪያ ነው። በዓይናለም ሆኖ ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህ ጉድለት ይሰማዋል። የመቀሌ ከተማ የምትጠጣው ውሃ በአብዛኛው ከዓይናለም ጥልቅ ጉድጓዶች የሚቀዳ ነው፤ ያም ሆኖ በከተማዋ ውሃ በጀሪካን ተቆጥሮ የሚጠበቅበት ጊዜ ረጅም ነው። ውሃ የሚጠብቅ ሰው ጥርኙ በሚዛን ላይ ስንት እንደመዘነ ከመስማት ይልቅ ለምጻሙ በማግስቱ ምን እንደጠጣ መጠየቁ አይቀርም።

3. ልቦለዱ ምክንያት ይጠይቃል

የአማርኛ ልቦለድ ይህንን ክፍተት ለመሙላት የተመቸ ዘውግ ሆኖ መጣ። የተአምር ተረክ ለምጻሙ ለምን እንደታመመ መናገር አያስፈልገውም። ልቦለድ ግን በምክንያትና በውጤት የተሳሰረ ሴራ ይፈልጋል፤ ገፀ ባሕርይው ከነበረበት ተነስቶ አሁን ካለበት እንዴት እንደደረሰ ማሳየት ግዴታው ነው። በሌላ አነጋገር «እንዴት ደረሰ?» የሚለው የተለማኙ ጥያቄ የዘውጉ የራሱ ጥያቄ ሆነ። ከዚህ የተነሳ ደራሲዎቻችን ድሃን ሲያመጡ ከወቀሳ ማዳን እንዳለባቸው ተሰማቸው። መንገዳቸው ግን የተለያየ ነው።

በ1955 ዓ.ም. የታተመው የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» የመረጠው መንገድ እጅግ የተለየ ነው። በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ይከራከራል። የዚህ ብልሃት ኃይል በፖለቲካ ድፍረቱ ብቻ አይለካም። ፅንስ «የእጁን አገኘ» ሊባል የማይችል ብቸኛ ሰው ነው፤ አልሰከረም፣ አልሰነፈም፣ አልተበደረም። ድህነቱ ከሥራው ቀድሞ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። አቤ በዚህ ምርጫው ድህነት የጠባይ ውጤት ነው የሚለውን እምነት ከሥሩ ነቅሎታል። ነገር ግን ድሉ ዋጋ አለው። ፍጹም ንጹሕ የሆነ ድሃ ለማግኘት ደራሲው ገና ያልተወለደ ሰው ዘንድ መሄድ ካስፈለገው የተወለዱት፣ የሚሰክሩት፣ የሚሳሳቱት፣ ልጆቻቸውን የሚመቱት ድሆች ምን ይሁኑ? መከላከያው ለእነርሱ አይደርስም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ሌላ መንገድ ይከተላሉ። ጥፋቱን ከድሃው ላይ አንስተው በሥርዓቱ አወቃቀር ላይ ያስቀምጡታል። ጉዱ ካሣ እንደ እብድ የሚቆጠረው ሰዎች የአርባ ቀን ዕድል የሚሉትን የሰው ሥራ ነው ብሎ ስለሚሟገት ነው። ባላገሮቹም በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሱ የሚያቀርቡት ልመና አይደለም፤ የመብት ጥያቄ ነው። በዚህ ልቦለድ ድሃው «ስለ ማርያም» ማለቱን ትቶ «ስለምን?» ማለት ይጀምራል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ የጥፋትን ጥያቄ ከእነአካቴው አያስወግደውም፤ አድራሻውን ይለውጠዋል። ተጠያቂው ጌታው ሲሆን ድሃው በመበደሉ መጠን ርኅራኄያችን ይገባዋል።

ሦስተኛውን መንገድ የምናገኘው አድዋ አካባቢ በተወለደው በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ነው። ለብዙ ዓመታት በሙሉ መልኩ ሳይታተም የቆየው ይህ ሥራ የውቤ በረሃን ሴተኛ አዳሪዎች ሕይወት ያሳያል። ስለ ሴተኛ አዳሪ የተጻፉ ብዙ የአማርኛ ታሪኮች የተለመደ መንገድ አላቸው፤ ልጅቱ ያለዕድሜዋ ተድራ ወይም በከተሜ ተታልላ እንደወደቀች ይተርካሉ፤ አንባቢውም ንጽሕናዋን ካረጋገጠ በኋላ ያዝንላታል። ስብሐት ይህንን የይቅርታ ማመልከቻ አይጽፍላቸውም። ሴቶቹ ይሳሳቃሉ፣ ይጣላሉ፣ ይዋሻሉ፣ ይዋደዳሉ። አንባቢው «ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ እንዲፈርድ አይጋበዝም፤ አብሮአቸው እንዲያመሽ ነው የሚደረገው። መጽሐፉ ሲነቀፍ የኖረበት ልቅነቱ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። ከያዝነው ርዕስ አንጻር ግን ስብሐት ለወቀሳ እጅግ የተጋለጡ ሰዎችን ያለ ማስረጃ ወረቀት ወደ አንባቢ ፊት ማቅረቡ በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ብዙም ያልተደገመ ሥራ ነው።

4. ካሜራውና ንጹሑ ተራቢ

ልቦለዱ በዝግታ የሠራውን ንጹሕ ተበዳይ ካሜራ በጥቂት ደቂቃዎች ሠራው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረምና ከመቀሌ መጠለያዎች ያቀረቡት ዘገባ ዓለምን አናወጠ። የዘገባው አነጋገር መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዓመት የደረሰ የጥንት መቅሠፍት ሆኖ ቀረበ። በኅዳር ወር የብሪታንያ ዘፋኞች ተሰባስበው ዜማ ቀረጹ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ የላይቭ ኤይድ ታላቅ ኮንሰርት ተካሄደ። ብዙ ሕይወት እንዳተረፈ አይካድም።

ሆኖም ከሥዕሉ ውስጥ ጦርነቱ ወጥቶ ነበር። አሌክስ ዲ ዋል ለሂዩማን ራይትስ ዎች በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ጥናት ረሃቡ ቢያንስ 400 ሺህ ሰው እንደፈጀ፣ ለዚህ ደረጃ ያደረሰውም ከድርቁ ይልቅ የመንግሥቱ የጦርነት ስልት እንደነበር አመልክቷል። ገበያ ሲደበደብ፣ የእህል ንግድ ሲታገድ፣ ገበሬ በግዳጅ ሲሰፍር ድርቁ ረሃብ ሆነ። ለተመልካቹ የቀረበው ግን ሰማይ ነጥፎ የቀረበት ሕዝብ ነው። ለምን? ሰማይ ተከሳሽ ስለማይሆን ነው። ጦርነት ከተነሳ «ማን ጀመረው? ከየትኛው ወገን ናቸው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ እሱ ሲከተል እጅ ያጥራል።

በወቅቱ የደርግን መንግሥት መርዳት አይገባም ለሚሉት የአሜሪካ ባለሥልጣናት የሰጡት መልስ የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም የሚል ነበር፤ ይህም አባባል ከፕሬዚዳንት ሬገን ስም ጋር ተያይዞ ሲጠቀስ ኖሯል። አባባሉ እህል ስላስገኘ የተመሰገነ ነው። በሂስ ዓይን ሲታይ ግን ከ«አልወለድም» ፅንስ ጋር ዝምድና አለው። ሕፃኑን የሚያድነው ባለማወቁ ነው። ታዲያ ፖለቲካ የሚያውቀው አባቱስ? ልጇን ወደ አንዱ ወገን የላከችው እናቱስ? በአባባሉ ሎጂክ ከተሄደ ዐዋቂ የተራበ ሰው በዕውቀቱ ምክንያት ከእህሉ ሊጎድል ነው። በዚያ ዘመን ፎቶግራፎች ውስጥ ሕፃናት መብዛታቸው፣ ጎልማሳ ወንዶች ማነሳቸው፣ ከሚታዩትም የሚናገር ሰው አለመኖሩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስላል። የሚናገር ሰው ንጽሕናውን ሊያጎድፍ ይችላል።

የሥነ ልቦና ጥናትም ይህንን ዝንባሌ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ ሰው ወድቆ እንዲታይ አድርጎ ነበር። የወደቀው ሰው ምርኩዝ ሲይዝ ከ65 ጊዜ 62ቱን ማንም ሳያነሳሳቸው ሰዎች ረዱት፤ መጠጥ መጠጥ ሲሸትና ጠርሙስ ሲይዝ ግን ከ38 ጊዜ 19ኙን ብቻ። ሃና ዛገፍካና ባልደረቦችዋ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት ደግሞ ሰዎች ሰው ሠራሽ ለሆነ አደጋ ከሚሰጡት ይልቅ ተፈጥሮ ላመጣው አደጋ የበለጠ እንደሚሰጡ አሳይቷል። ምክንያቱም የሰው ሠራሽ አደጋ ተጎጂዎች በራሳቸው ላይ ለደረሰው ይበልጥ ተጠያቂ መስለው ስለሚታዩና ራሳቸውን ለመርዳት የሚጥሩ ስለማይመስሉ ነው። ልብ እንበል፤ ጦርነቱን የጀመሩት ተጎጂዎቹ ናቸው ብሎ የነገራቸው የለም። ሰው የሠራው አደጋ ሲሆን ጥርጣሬው በራሱ ይመጣል።

ሜልቪን ለርነር ለዚህ የሰጠው ማብራሪያ ከአማርኛ አነጋገር ጋር ሲገናኝ ይበልጥ ይገባናል። በለርነር አስተያየት ሰው ዓለም ፍትሐዊ ናት ብሎ ማመን ይፈልጋል። ንጹሕ ሰው ሲሰቃይ ካየ ይህ እምነት ስለሚናወጥ ወይ ይረዳዋል፣ ወይ ጥፋት ይፈልግበታል። በእኛ ቋንቋ ሲነገር «የእጁን አገኘ» ማለት «ነግ በኔ»ን የማምለጫ መንገድ ነው። ጎረቤቴ የወደቀው በጥፋቱ ከሆነ እኔ ካላጠፋሁ አልወድቅም። ወቀሳው ከጭካኔ ይልቅ ከፍርሃት የሚወለድበት ጊዜ ብዙ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የደረሰው ክፉ ቀን ከብት ጨርሶ ንጉሡም ገበሬውም ዶማ እስኪይዙ ድረስ ሁሉን ሲነካ «ነግ» የሚባል ርቀት አልነበረም። መከራው ለይቶ ሲመታ ግን ያልተመታው ሰው የተመታውን ጥፋት ይቆጥራል።

5. ከዓይናለም ሲታይ

ከላይ የተመለከትነው ሁሉ ዛሬ በመንገድ ዳር ተሰብስቦ ይታያል። ከዓይናለም ወደ መሐል ከተማ በሚወስደው መንገድ ሁለት ዓይነት ልመና እንሰማለን። አንደኛው የቅዱሳንን ስም የሚጠራው የቆየው ልመና ነው፤ ትግርኛውም ሆነ አማርኛው በዚህ አይለያይም። ሁለተኛው ማስረጃ ያለው ልመና ነው፤ በፕላስቲክ የተሸፈነ የሐኪም ወረቀት፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ የተፈናቃይነት መታወቂያ። ሁለተኛው ለማኝ «ስለ ማርያም» ማለቱን አልተወም፤ ይሁንና ስሙ ብቻውን እንደማይበቃ አውቋል። ልመናው የክስ መከላከያ ሆኗል። የወረቀቱ ጽሑፍ ሁሉ የሚናገረው «ጥፋቱ የእኔ አይደለም» የሚለውን አንድ ነገር ነው።

በየትምህርት ቤቱ ቅጥርና እንደ ሰባ ካሬ ባሉ መጠለያዎች ለሰፈሩት ተፈናቃዮች የማስረጃው ነገር ይበልጥ የከበደ ነው። ጦርነት ያፈናቀለው ሰው እንደ ድርቅ ተጎጂ ሰማይን መክሰስ አይችልም። ስለዚህ ታሪኩን በተናገረ ቁጥር አድማጩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይለካበታል። ይህ በትግራይ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በጦርነቱ ጊዜ ከአፋርና ከአማራ ክልሎች የተፈናቀሉትም በየደረሱበት ተመሳሳይ ምርመራ ገጥሟቸዋል ብንል ከእውነት አንርቅም። «ልጅህን ወዴት ልከህ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከዱቄቱ ይቀድማል።

በ2015 ዓ.ም. የተፈጸመው ደግሞ የሌላ ሰው ጥፋት በችግረኛው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ያሳያል። የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ርዳታው ከታለመለት ውጭ መዋሉን ገልጸው በሚያዝያ ወር በትግራይ የምግብ ሥርጭት ማቆማቸውን ይፋ አደረጉ፤ በሰኔ ወር እገዳው ወደ መላ ሀገሪቱ ሰፋ። ሥርጭቱ እየተስተካከለ የተመለሰው በ2016 ዓ.ም. ነው። የርዳታ እህል መሰረቁ እውነተኛ በደል ነው፤ ሰጪው አደራውን መጠበቅና ሌባውን መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው። ችግሩ ምርመራው በሚካሄድበት ጊዜ ሳህኑን ባዶ ሆኖ ያገኘው ያልሰረቀው መሆኑ ላይ ነው። ፍርድ ቤትና ማዕድ ቤት ተቀላቀሉ። «ማን አጠፋ?» የሚለው ጥያቄ ለችሎት የሚገባ ጥያቄ ነው፤ በድስቱ ፊት ሲጠየቅ ግን መልስ የሚሰጠው ረሃብተኛው ብቻ ይሆናል።

ለዚህ አስተያየት ተቃውሞ መኖሩን አንዘነጋም። ያለው ጥቂት የሆነ ሰው ለሁሉ ሊሰጥ ስለማይችል መምረጥ አለበት፤ መምረጫ ደግሞ ያስፈልገዋል ይባላል። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ችግርን መለካትና ጥፋትን መለካት አንድ አይደሉም። ማን ይበልጥ እንደተራበ መጠየቅ ይቻላል፤ ማን በምን ምክንያት እንደተራበ መጠየቅ ሌላ ሚዛን ነው። የወደብ ሠራተኛ የሚሰጥመውን መርከብ አስቀድሞ ይቀበል ዘንድ ግድ ነው፤ ካፒቴኑ ሰክሮ እንደነበር የሚጣራው መርከቡ ከቆመ በኋላ ነው።

ማጠቃለያ

በዚህ መጣጥፍ ሦስት ዓይነት ችግረኛ አይተናል። የልመናው ቃልና የተአምሩ ተረክ ችግረኛ የማይመረመር ነገር ግን የማይታወቅ ነው። የልቦለዱና የካሜራው ችግረኛ የሚታወቅ፣ ይሁንና ንጹሕ እንዲሆን የተገደደ ነው። በመንገድ ዳር የምናየው ደግሞ በሁለቱ መካከል ቆሞ አንድ እጁን በቅዱስ ስም፣ ሌላውን በወረቀት የዘረጋ ነው።

ስለ ቅርቡ ጦርነት የሚጻፉ ግጥሞችና ልቦለዶች ወደፊት እየበዙ እንደሚመጡ አያጠራጥርም። ተማሪዎቻችን እነዚህን ሲያነቡ አንድ ነገር እንዲመረምሩ እናሳስባለን፤ በሥራው ውስጥ የሚራቡት ሰዎች ለመወደድ ሲሉ ንጹሕ እንዲሆኑ ተደርገዋልን? ፈሪ፣ ተንኮለኛ፣ ወገንተኛ፣ ሰካራም የሆነ ተፈናቃይ አለን? ካለስ ደራሲው እንጀራውን ከእጁ ሳይነጥቀው ያቆየዋልን? ሁልጊዜ ንጹሕ ተበዳይ ብቻ የሚያሳየን ሥነ ጽሑፍ አሳቢ ቢመስልም አንባቢውን የሚያስተምረው መርማሪነትን ነው፤ ከመጽሐፉ ወጥቶ እውነተኛውን ችግረኛ ሲያገኝ እንደ ገፀ ባሕርይው ንጹሕ ሆኖ ስለማያገኘው ያልፈዋል። ያ ለምጻም ውሃ የጠየቀው ምስክር ሳያቀርብ ነበር። የእኛ ደራሲዎች ስሙን፣ ጠባዩን፣ ጥፋቱንም ጭምር ይንገሩን፤ ውሃውን ግን አስቀድመው ይስጡት።